ከዋሽንግተን ስቴት ወደ ቨርጂኒያ ስንዛወር የልጄ አይኢፒ (የልዩ ትምህርት ዕቅዱ) እንዴት ይቀጥላል?

እናት_ከታኮማ፦

ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ አርሚ ነው፤ ያለነው ጆይንት ቤዝ ሉዊስ-ማኮርድ ነው። ወደ ፎርት ቤልቮር፣ ቨርጂኒያ ኦርደር ወጥቶለታል፤ ሪፖርት የሚያደርገው ጁላይ 10 ነው። ገና ማርች መጀመሪያ ላይ ስለሆንን ቀድሜ ልጠይቅ ብዬ ነው።

ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል። አይኢፒው ላይ የተጻፈው ምድብ «ዴቨሎፕመንታል ዲሌይ» (የዕድገት መዘግየት) ነው። በሳምንት 60 ደቂቃ የንግግር ቴራፒ፣ 30 ደቂቃ ኦክዩፔሽናል ቴራፒ፣ 300 ደቂቃ ደግሞ በትንሽ ቡድን ንባብና ማኅበራዊ ክህሎት ያገኛል። ትምህርት ቤቱ ሥዕል እየነካ የሚናገርበት ታብሌት ሰጥቶታል። ሐኪሙ ዓምና ኦቲዝም ብሎ ጽፎለታል፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ግን አልተቀየረም። ዓመታዊ ስብሰባው ሴፕቴምበር 22 ነው።

«ቨርጂኒያ የሌላ ስቴት አይኢፒ አትቀበልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምሩት» ብለውኛል። እውነት ነው? ከዚህ ሳልወጣ ምን ላስጨርስ? ምንስ ይዤ ልሂድ? ኢኤፍኤምፒ (ልዩ ፍላጎት ያለው አባል ላለበት የወታደር ቤተሰብ ያለው ፕሮግራም) ተመዝግበናል፤ ወረቀቱን እነሱ አይልኩትም?

—

ፋይል_በእጅ፦

እህቴ፣ እንደዛ ያለሽ ሰው ግማሹን ነው የነገረሽ። ቨርጂኒያ የዋሽንግተኑን አይኢፒ እንዳለ የመውረስ ግዴታ የለባትም፤ የራሷን ግምገማ አድርጋ አዲስ ልትጽፍ ትችላለች። ያን እስክትጨርስ ግን አሁን በእጅሽ ካለው አይኢፒ ጋር ተመጣጣኝ የሆነ አገልግሎት መስጠት አለባት። ይሄ የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ፣ አይዲኢኤ ነው፤ የደንቡ ቁጥር 300.323። ቁጥሩን ያዢው፣ ኢሜይል ላይ ያስፈልግሻል።

ተመጣጣኝ ሲባል ግን ያው ራሱ ማለት አይደለም። 300 ደቂቃው እዚህ ከክፍል ወጥቶ የሚሰጠው ከሆነ፣ እዚያ የልዩ ትምህርት መምህሯ ክፍሉ ድረስ ገብታ ልትሰጠው ትችላለች። ያለ ምንም ግምገማ 300ው ወደ 100 ከወረደ ግን ተመጣጣኝ ነው ማለት አይቻልም። አዲሱ ትምህርት ቤት ልጅሽን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። እዚህ ያሉት መምህራን በቃል ተግባብተው የሚያደርጉለት ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ እዚያ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ከመነሳትሽ በፊት ነው።

አይኢፒውን አውጪና ማድመቂያ ይዘሽ አንብቢው። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ካገኘሽ ያ ቦታ ክፍት ቀዳዳ ነው። «የረዳት ድጋፍ እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን አዲሱ ትምህርት ቤት «አላስፈለገውም» ብሎ ሊያነበው ይችላል። «በምሳ፣ በእረፍትና ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ አንድ አዋቂ አብሮት ይሆናል፣ በቀን 60 ደቂቃ» ተብሎ ይጻፍ። የፕሮግራም ስምም እንደዛው ነው። እያንዳንዱ ዲስትሪክት ለክፍሎቹ የራሱ ስም አለው፣ ሌላው ስቴት ደርሶ ትርጉም አይሰጥም። በስሙ ፈንታ ስንት ልጅ፣ ስንት አዋቂ፣ ከቀኑ ምን ያህሉን ከመደበኛው ክፍል ጋር እንደሚያሳልፍ ይጻፍ።

ታብሌቱ የዲስትሪክቱ ንብረት ነው፣ ስትሄጂ ትመልሺዋለሽ። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ መናገሪያውን አጥቶ ሁለትና ሦስት ወር ይቀመጣል። ለመከላከል፦ አይኢፒው ውስጥ «ታብሌት መጠቀም ይችላል» ከማለት ይልቅ «ድምፅ የሚያወጣ የመገናኛ መሣሪያ፣ በትምህርት ሰዓት ሁሉ፣ በምሳና በአውቶቡስ ጭምር» ተብሎ ይስፈር። ከዚያ የንግግር ቴራፒስቷን የሶፍትዌሩን ስምና ቨርዥን፣ አንድ ገጽ ላይ ስንት ሥዕል እንዳለ፣ የትኛው ቃል የት ቦታ እንደተቀመጠ ጠይቂና ጻፊ። የልጁን የቃላት ፋይል ኤክስፖርት አድርጋ በኢሜይል ትላክልሽ። ዋና ዋና ገጾቹን በስልክሽ አንሻቸው፤ አዲሱ ታብሌት እስኪመጣ ድረስ አትመሽ ላሚኔት ብታደርጊው እየጠቆመ ይግባባል። የሥዕሎቹ ቦታ ሲቀየርበት ልጁ እንደ አዲስ መማር ስለሚሆንበት ፋይሉ ከመሣሪያው በላይ ዋጋ አለው።

ዓመታዊ ስብሰባውን ወደ ሜይ አምጪው። አይኢፒ ከዓመቱ በፊት መታየት ይችላል፣ የሚከለክል ሕግ የለም። ሴፕቴምበር 22 ላይ ከተውሽው ግን እዚያ ትምህርት በተጀመረ በወሩ፣ ልጁን ገና ያላወቀ ቡድን ዓመታዊውን ይጽፋል ማለት ነው። «ልትሄዱ ስለሆነ አሁን አገልግሎቱን እንቀንሰው» ወይም «እዚያ ይጨርሱት» ቢሉሽ እሺ አትበይ፤ የሚሸጋገረው የመጨረሻው ወረቀት ነው።

ይዘሽ የምትሄጂው ፎልደር ውስጥ፦ ሥራ ላይ ያለው አይኢፒ ሙሉው፣ የመጨረሻው የግምገማ ሪፖርት ከነነጥቦቹ (ማጠቃለያው ብቻ አይበቃም)፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፕሮግረስ ሪፖርቶች፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ውሳኔዎቹ የጻፈልሽ ማሳወቂያዎች፣ የባህሪ ዕቅድ ካለ እሱ፣ የሐኪሙ ደብዳቤ፣ የክትባት ካርድ፣ የልጁ ሥራ ናሙና አራት አምስት ገጽ፣ የኦርደሩ ኮፒ። ስካን አድርገሽ ስልክሽ ላይ ማኖር ጥሩ ነው፣ የታተመው ግን አይቅርብሽ። ዕቃ ጫኞች የሚያዩትን ሁሉ ነው የሚያሽጉት፤ ስለዚህ እነሱ ሳይመጡ ፎልደሩን የራስሽ መኪና ውስጥ ቆልፊበት።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ መደበኛው የተማሪ ፋይልና የልዩ ትምህርት ፋይሉ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት በተለያየ ቢሮ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት «ሪከርድ ይላክልን» ሲል የሚላከው ውጤትና ክትባት ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ላይ «የልዩ ትምህርት ፋይሉን ጨምሮ» የሚል ይኑርበት።

ኢኤፍኤምፒ ወረቀት ወደ ትምህርት ቤት አይልክም። የእነሱ ሥራ የቤተሰቡን ፍላጎት መመዝገብ፣ ምደባ ሲወጣ ያንን ማየትና ቤተሰቡን መደገፍ ነው። ዲዲ 2792-1 የሚባለው ፎርም የትምህርቱ ነው፣ ከፊሉን ትምህርት ቤቱ ይሞላዋል። ምድቡ ወይም አገልግሎቱ ከተቀየረ እሱም ይታደስ። ለትምህርት ቤት ጉዳይ የምትፈልጊው ሰው ስኩል ሊያዞን ይባላል፤ በሁለቱም ቤዝ አለ፣ በነፃ ነው። የቤልቮሩን አሁኑኑ ደውይለት፣ እስክትደርሺ አትጠብቂ።

—

ኤሊጂቢሊቲ_ቨርጂኒያ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ምድቡን ነው፤ ሳይታይ ያለፈው ትልቁ ነገር እሱ ስለሆነ።

«ዴቨሎፕመንታል ዲሌይ» በቨርጂኒያ የሚሠራው ከ2 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ብቻ ነው። ዋሽንግተን ከዚያ በላይ ትቀበላለች፣ ለዚህ ነው 7 ዓመት ሆኖት እስካሁን በዚያ ምድብ ያለው። ስለዚህ ቨርጂኒያ ስትደርሱ ምድቡ ብቻውን ግምገማ ያስጠራል። ልጁ ልዩ ትምህርት አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ በኦቲዝም ወይም በንግግርና ቋንቋ ወይም በሌላ ምድብ ብቁ መሆኑን እንደገና ማሳየት አለባቸው። ያ እስኪያልቅ ተመጣጣኙ አገልግሎት ይቀጥላል።

የጊዜው ልዩነትም ከባድ ነው። በዋሽንግተን ግምገማ የሚያልቀው ከተፈረመ በ35 የትምህርት ቀን ውስጥ ነው። በቨርጂኒያ ጥያቄው ለልዩ ትምህርት ኃላፊው ከደረሰ በኋላ 65 የሥራ ቀን ነው፤ 13 ሳምንት። ኦገስት መጨረሻ ቢጀመር ከታንክስጊቪንግ ወዲያ ይሄዳል።

እናንተ ማርች ላይ ናችሁ። ዛሬ በጽሑፍ «ልጄ እንደገና ይገምገም፣ ኦቲዝምም ይታይ» ብለሽ ጠይቂ፤ የሐኪሙን ደብዳቤ አያይዢበት። የፈቃድ ወረቀቱ ማርች ውስጥ ከተፈረመ፣ የስፕሪንግ ብሬኩ ተቀንሶም ሜይ ላይ ያልቃል። ከዚያ ዓመታዊውን ስብሰባ በአዲሱ ግምገማ ላይ ያድርጉት። ትኩስ ሪፖርት ይዞ የሄደ ልጅ ቨርጂኒያ ያለው ቡድን አዲስ ፈተና ሳይጨምር በእጅ ባለው መረጃ ብቻ ብቁነቱን ሊወስን ይችላል። ግዴታቸው አይደለም፣ መንገዱ ግን ይከፈታል። ግምገማው ሳያልቅ ብትነሱም ሥራው አይጠፋም፤ ሁለቱ ዲስትሪክቶች ተነጋግረው ቶሎ እንዲጨርሱት ሕጉ ያዛል። የፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ቢሮ በ2013 እና በ2022 በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ እንደ ወታደር ልጆች ብዙ የሚዘዋወሩ ልጆች ግምገማ ቢቻል በ30 ቀን እንዲያልቅ አሳስቧል። ማሳሰቢያ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፣ ቢሆንም መጥቀሱ ይጠቅማል።

የሐኪም ምርመራ ብቻውን ለትምህርት ቤት አይበቃም። ሐኪሙ «ኦቲዝም አለበት» ይላል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ «ይህ ትምህርቱን እንዴት ይነካዋል» ብሎ ነው የሚወስነው። ሁለቱ የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ «ሐኪም ጽፎ ሳለ እንዴት ይከለክሉኛል» የሚለው ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ፊርማ ሁለት ነገር። ዋሽንግተን ውስጥ ከመጀመሪያው ፈቃድ በኋላ አይኢፒው ሲቀየር ፊርማሽ ግዴታ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ያለ ወላጅ ፈቃድ አይኢፒ አይቀየርም፤ ከፊሉን ተቀብለሽ ከፊሉን አልስማማም ማለትም ትችያለሽ። ስብሰባ ላይ «መገኘትሽን ፈርሚ» የሚለውና «ተስማምቻለሁ» የሚለው የተለያየ መስመር ነው፣ ሳታነቢ አትለፊ። በሌላ በኩል የግምገማ ፈቃዱን እልህ ይዞሽ አትከልክይ። ከሌላ ስቴት ለመጣ ልጅ የሚደረገው ግምገማ እንደ መጀመሪያ ግምገማ ስለሚቆጠር፣ ክርክር ቢነሳ «የነበረው ባለበት ይቀጥል» የሚለው ጥበቃ አያድንሽም። ፈርሚ፤ ምን ምን እንደሚለካ ግን በዝርዝር ይጻፍ።

—

አራት_ዝውውር፦

ስለ ሰመሩ ማንም አላነሳም። 300.323 ውስጥ ያለው የተመጣጣኝ አገልግሎት አንቀጽ «በዚያው የትምህርት ዓመት ውስጥ» የተዛወረ ልጅ ነው የሚለው። እናንተ ጁላይ ላይ ነው የምትገቡት። አንዳንድ ቢሮ ይቺን ሐረግ ይዞ «ዓመቱ ስላለፈ አይመለከተንም» ይላል።

መልሱ እዚያው ደንብ ላይ፣ ፊደል ኤ ሥር ነው ያለው፦ የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር እያንዳንዱ ዲስትሪክት ብቁ ለሆነ ልጅ ሁሉ ሥራ ላይ ያለ አይኢፒ ሊኖረው ይገባል። የድሮውን ተቀብለው መጀመር ወይም አዲስ መጻፍ ይችላሉ፤ በባዶ መጀመር ግን አይችሉም። ፌርፋክስ (የቤልቮር ትምህርት ቤቶች ያሉበት የካውንቲ ዲስትሪክት) ትምህርት የሚከፍተው ኦገስት ውስጥ ነው፣ እናንተ ከለመዳችሁት የሴፕቴምበር መጀመሪያ ይቀድማል። ጁላይ ላይ ደግሞ ሳይኮሎጂስቱም ኬዝ ማናጀሩም (የልጁን አይኢፒ የሚከታተለው ሰው) ዕረፍት ላይ ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱ ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን መጀመሪያ ላይ፣ ሰው ቢሮ ውስጥ ሳለ ይድረሳቸው። አድራሻ ሳይኖራችሁ በኦርደር ብቻ ቀድሞ መመዝገብ ስለሚቻልበት መንገድ ሊያዞኑን ጠይቂው።

አይኢፒው ላይ የሰመር አገልግሎት ተጽፎ ከሆነ እሱም ተመጣጣኝ ከሚባለው ውስጥ ይገባል፤ የ2022ቱ ደብዳቤ ይህን ይላል። ካልተጻፈና ልጁ በረጅም ዕረፍት የያዘውን የሚረሳ ከሆነ ሜይ ላይ ባለው ስብሰባ አንሺው። መምህሯ ከዊንተር ብሬክ በፊትና በኋላ የያዘችው ቁጥር ካለ ማስረጃው እሱ ነው።

—

ሩት_ዋን_ሰፈር፦

ቤት ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። ቤልቮር ውስጥ ከኖራችሁ አንደኛ ደረጃው እዚያው ቤዙ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ የፌርፋክስ ካውንቲ እንጂ የመከላከያው አይደሉም። ውጪ ከሆነ ግን ሩት ዋን የሚባለው አውራ ጎዳና አካባቢ ያለ ቤት ብዙው የፖስታ አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» እያለ ልጁ የሚማረው ፌርፋክስ ነው። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ደግሞ የራሷ የትምህርት ዲስትሪክት አላት። ዉድብሪጅ ከሄዳችሁ ፕሪንስ ዊልያም ነው፣ ሌላ ዲስትሪክት። ወረቀቱን ለአንዱ ልካችሁ ሌላው ውስጥ ቤት ከተከራያችሁ የጁኑ ልፋት መና ነው። ሊዝ ሳትፈርሙ አድራሻውን ካውንቲው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርሳችሁ እዩ።

ደግሞ የትምህርት ቤት ሬቲንግ ብቻ አይታችሁ ቤት አትምረጡ። ለልጁ የሚሆነው የልዩ ትምህርት ክፍል በየትምህርት ቤቱ ስለሌለ በአውቶቡስ ሌላ ጋ ሊሄድ ይችላል።

—

እናት_ከታኮማ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ምድቡን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። የግምገማውን ጥያቄ ዛሬ እልካለሁ። ሁለት ነገር ላክል፦ እንግሊዝኛዬ ለስብሰባ አይበቃም፣ ባለቤቴ ደግሞ ሁሌ አይገኝም። ቤት ውስጥ አማርኛ ነው የምናወራው፤ «ችግሩ ቋንቋ ነው፣ መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይማር» ቢሉኝስ? ታናሽ እህቱ ደግሞ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ቴራፒ አላት። የእሷስ?

—

ስፒች_ሁለት_ቋንቋ፦

አስተርጓሚ መብትሽ ነው፣ ወጪው የትምህርት ቤቱ ነው። ደንብ 300.322 ወላጁ ስብሰባውን እንዲረዳ አስፈላጊውን ሁሉ አድርጉ ይላል። የፈቃድ ወረቀትና የውሳኔ ማሳወቂያም በምትረጂው ቋንቋ ነው የሚሰጥሽ። ፌርፋክስ አማርኛን ለወላጆች ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ስለሚሠራ ብርቅ ነገር አልጠየቅሽም። ቢያንስ ከሳምንት በፊት በኢሜይል ጠይቂ፤ የአይኢፒው ረቂቅ ለአንቺም ለአስተርጓሚውም ቀድሞ ይላክ። ረቂቁን ሳያይ የገባ አስተርጓሚ የፈተና ነጥብ ሲነበብ ይጠፋበታል፣ አንቺም የሚደርስሽ «ደህና ነው፣ ትንሽ ይቀረዋል» ብቻ ይሆናል። ባለቤትሽ ቢገኝም አያስተርጉም፤ እሱ አባት ሆኖ የሚጠይቀው አለው።

«መጀመሪያ እንግሊዝኛ» ለሚለው፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪ ድጋፍና ልዩ ትምህርት ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ አንዱ ሌላውን አያስጠብቅም። ስትመዘገቡ የቤት ቋንቋ ቅጽ ይሰጥሻል፤ እውነቱን ጻፊ። እንግሊዝኛ ብለሽ ከሞላሽ አስተርጓሚውንም የልጁንም ግምገማ ታበላሺያለሽ። ሁለቱም ስቴቶች ዊዳ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ስለሚጠቀሙ እዚህ የወሰደው ካለ ውጤቱን ከፎልደሩ ጋር ያዢው።

ግምገማው ልጁ በሚያውቀው ቋንቋና መንገድ መደረግ አለበት፤ የእንግሊዝኛ ማነስ ብቻውን ደግሞ ለብቁነት ምክንያት አይሆንም። አማርኛ የሚያውቅ ቴራፒስት ማግኘት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ማስረጃውን አንቺ ታቀርቢያለሽ። ቴራፒስቷ መለየት ያለባት በእንግሊዝኛ ብቻ የሚታየውን በሁለቱም ቋንቋ ከሚታየው ነው። የእንግሊዝኛውን «this» «ዚስ» ማለቱ ችግር አይደለም፤ በጥርስና በምላስ ጫፍ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። «ምሳ በላህ?» ሲባል «ምሳ በላህ» ብሎ መልሶ መድገሙ፣ «ስጠኝ» ለማለት «ልስጥህ» ማለቱ ግን በአማርኛም ስለሚታይ የቋንቋ ለውጥ ያመጣው አይደለም። ምሳ ሲበላና ሲጫወት ሁለት ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አንሺ፤ የሚለውንና ሊል የፈለገውን ከሥሩ ጻፊ። በራሱ ተነስቶ የሚላቸውን የአማርኛ ቃላት ዝርዝር ጨምሪበት፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚላቸውን ለይተሽ። አማርኛውን አቁሙ የሚል ካለ አትስሚው።

—

ኤሊጂቢሊቲ_ቨርጂኒያ፦

ለልጅቷ፦ ከ3 ዓመት በታች ያለው ፕሮግራም ሌላ ነው። ዋሽንግተን ያለው ኢሲት ይባላል፤ ወረቀቱ ከአይኢፒ የተለየ ስለሆነ የተመጣጣኝ አገልግሎት ደንብ አይከተለውም። ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ለሚባለው እንደ አዲስ ሪፈራል ይደረጋል፤ ከሪፈራሉ እስከ ዕቅዱ ስብሰባ 45 ቀን ነው ያላቸው። የአሁኗ አስተባባሪ የፈቃድ ወረቀት አስፈርማሽ ፋይሉን ከመነሳትሽ በፊት ትላከው። ሌላ በር ደግሞ አለ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 2 ዓመት የሞላው ልጅ በትምህርት ቤቱ ልዩ ትምህርት መገምገም ይችላል። እሷ ሞልቷታል። ቤት የሚመጣው ይሻላል ወይስ ክፍል፣ ሁለቱን ጠይቀሽ ወስኚ፤ በዚህ ዕድሜ ብዙዎቹ ልጆች ቤት ውስጥ ከሚሰጠው የበለጠ ይጠቀማሉ ባይ ነኝ።

—

ሳጅን_ጡረታ፦

ይህን ሁሉ ከመጻፍ የወታደር ልጆች የኢንተርስቴት ኮምፓክትን (ስቴቶች ስለሚዘዋወሩ የወታደር ልጆች ትምህርት የተፈራረሙትን ስምምነት) ጥቀሱ፣ አለቀ። 50ውም ስቴቶችና ዲሲ ፈርመውታል።

—

ፋይል_በእጅ፦

ጋሼ፣ ኮምፓክቱ ጥሩ ነው፣ ግን ለየትኛው ጉዳይ እንደሚጠቅም እንለይ። ጉልበት የሚሰጠው ለመዝገብና ለምዝገባ ነው፦ ወላጅ በእጁ በያዘው ኮፒ ልጁ ክፍል ይገባል፣ ዋናው ሪከርድ በ10 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፣ የጎደለ ክትባት ካለ 30 ቀን ይሰጣል፣ በእርስዎ ዘመን የነበረው የክፍል መውረድ አይኖርም። ወላጆች ተልከው ልጁን አያት ወይም አክስት ይዘውት ከሆነም ልዩ የውክልና ወረቀት ለምዝገባ ይበቃል። ስለ ልዩ ትምህርት ግን የሚለው «መጀመሪያ ላይ ተመጣጣኝ አገልግሎት ይስጡ» ነው፤ ከአይዲኢኤ ያለፈ ነገር የለውም። የሚጠቅመን ነገር ቢኖር «በዚያው የትምህርት ዓመት» የሚል ገደብ ስለሌለበት ለሰመሩ ጭቅጭቅ መደገፊያ ይሆናል። 504 ፕላን (ልዩ ትምህርት ሳይሆን የማመቻቻ ድጋፍ ብቻ የሚሰጥ ዕቅድ) ላላቸው ልጆች ደግሞ አይዲኢኤ ስለማይሠራ ኮምፓክቱ ዋናው ነው። ለወላጅ የመክሰሻ መንገድ ግን አይሰጥም።

ትምህርት ተጀምሮ አገልግሎቱ ካልጀመረ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ለኬዝ ማናጀሩና ለርእሰ መምህሩ ኢሜይል፣ አምስት የሥራ ቀን ጠብቆ ለዲስትሪክቱ የልዩ ትምህርት ቢሮ፣ ሊያዞኑን ኮፒ ማድረግ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፒያትክ የሚባለው የወላጆች ማዕከል በነፃ ያማክራል፤ እዚህ ዋሽንግተን ያለው ፔቭ ይባላል። ሚዲየሽንም (በገለልተኛ አስታራቂ መነጋገር) ነፃ ነው። ካልሆነ ለስቴቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት የጽሑፍ አቤቱታ፦ ጥፋቱ ከተፈጸመ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ መልሱ በ60 ቀን ይመጣል፣ ጠበቃ አያስፈልገውም።

ለመጀመሪያው ኢሜይል ይህን ያህል ይበቃል፦ «ልጄ በዚህ ቀን ተመዝግቧል። ሥራ ላይ ያለው አይኢፒ ተያይዟል፤ በሳምንት የንግግር ቴራፒ 60 ደቂቃ፣ ኦክዩፔሽናል ቴራፒ 30፣ ልዩ ትምህርት 300 ይላል። በደንብ 300.323 መሠረት እነዚህ ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን እንዲጀምሩ እጠይቃለሁ። ማን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይላክልኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።» ዋናው ከመጨረሻ ሁለተኛዋ መስመር ናት። «አዎ እየሰጠን ነው» የሚል መልስ ምንም ማለት አይደለም፤ የሰውዬው ስምና ሰዓቱ ካለ ግን መስጠቱን ማረጋገጥ ይቻላል።

—

አራት_ዝውውር፦

ከትምህርት ቤት ውጪ ኤቢኤ (ለኦቲዝም የሚሰጥ የባህሪ ቴራፒ) ወይም ሌላ ቴራፒ በትራይኬር፣ በወታደሩ የጤና መድን፣ የሚያገኝ ከሆነ ያኛውን ለብቻ ያዙት። በትራይኬር አከፋፈል ዋሽንግተን ያለው ዌስት ክልል ነው፣ ከ2025 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ትራይዌስት፤ ቨርጂኒያ ኢስት ናት፣ ሂዩማና ሚሊታሪ። ፈቃዱ ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ አይሻገርም፤ ቤልቮር የሚመደብለት ሐኪም አዲስ ሪፈራል ይጽፋል። ኤኮ የሚባለው የትራይኬር ተጨማሪ ሽፋን ምዝገባው እንዳይቋረጥ ኢኤፍኤምፒው ወቅታዊ ይሁን። ኖርዝ ቨርጂኒያ የኤቢኤ ወረፋ ስላለው ከአሁኑ ሦስት አራት ቦታ ደውለሽ ስሙን አስመዝግቢ፤ ሪፈራል ሳይኖር ወረፋ የሚይዙ አሉ።